ለኮሪያው ሽማግሌ ያበላሁት ፌጦ

ግሽ አባይ ከነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት በፕላስተር የተጠቀለለ ማይክሮፎን ተሰጠኝ። ባለቤቱ ጋሽ ደምሴ የኮሪያ ፊልም ከፈቱና «ተርጉም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ኮሪያኛ አልችልም።»

«ከተቀመጡትስ ማን ይችላል? የሰውየው አፍ ሲከፈት ክፈት፣ ሲዘጋ ዝጋ።»

ሙያው ይኸው ነበር። አግዳሚው ሞልቶ ሰው ጭን ላይ ይቀመጣል፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል፣ እኔ የሴኡሉን ፖሊስ የመርዓዊ ከተማ ልጅ አደርገዋለሁ። ቤቱ በሣቅ ይናጋል። ያን ሣቅ ዛሬም ጆሮዬ ይፈልገዋል።

ቆይቶ የራሴን ቤት ከፈትሁ። ኮሮና ሲመጣ ተዘጋ። ድምፄን እቤቴ እየቀዳሁ ፊልም በፍላሽ መሸጥ ያዝሁ። የዚያን ሰሞን የሚፈለገው ደግሞ በሽታ ከተማ ሲጨርስ የሚያሳይ የኮሪያ ፊልም ሆነ። ሰው ከበሽታው ሸሽቶ በሩን ይዘጋል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ያንኑ በሽታ ያያል። ገበያ ነው፤ አልተከራከርሁም።

ፊልሙ ላይ አንድ የታመሙ ሽማግሌ ከሳህን የሆነ ነገር በልተው ይነሣሉ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። «ፌጦ በሎሚ! ሐኪም ቤት ቢሄዱ ኖሮ አብቅቶላቸው ነበር» ብዬ አለፍሁ።

በሳምንቱ የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ሰይድ ልጅ ዘሃራ በሬን ደበደበች። ሐጂ ከጋሽ ደምሴ ቤት ጀምሮ ደንበኛዬ ናቸው።

«ጋሽ ታደለ፣ አባቴ ትንፋሽ አጥሯቸዋል! ሐኪም ቤት እንሂድ ስንላቸው ፌጦ አምጡ ይላሉ። የኮሪያው ሽማግሌ ድኗል፣ ታደለ ራሱ ተናግሯል እያሉ!»

ሮጥሁ። መንገድ ላይ አሰብሁት፤ እውነቱን ካወጣሁ የስንት ዓመት ስሜ አለቀ። ማስኬን አጥብቄ መስኮታቸው ሥር ቆምሁ።

«ሐጂ፣ እኔ ኮሪያኛ አላውቅም።»

ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። «ዛሬ ነው የጠፋህ?»

«ድሮም አላውቅም።»

«ያ የመርዓዊው ፖሊስስ?»

«ከራሴ ነው።»

ሊሥቁ ሲሉ ሳል ያዛቸው። በረድ ሲልላቸው «ታዲያ ሰውየው የበላው ምንድን ነው?» አሉ።

«እኔ እንጃ፣ ሐጂ። ሩዝ ይመስለኛል።»

«ሩዝማ ወረታም ሞልቷል» አሉና እጃቸውን ለዘሃራ ዘረጉ። «ባጃጅ ጥሪ።»

ኦክስጅን ላይ ሰንብተው ዳኑ። ሲወጡ መጀመሪያ የጠየቁኝ ፖሊሱ በእውነት የየት አገር ሰው እንደነበር ነው። እሱንም አላውቅም አልኋቸው።

ዛሬ ቪዲዮ ቤቱ ቀርቶ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ወጣት ተርጓሚዎች ምክር ሲጠይቁኝ የምለው ይህን ነው፦ የማታውቁት ንግግር ላይ ቀልድ ጨምሩ፤ መድኃኒት አትጨምሩ።