እግሬ የዞረበት ቦታ

ልጆቹ ንገሪን ካሉኝ ሰነበቱ። የልጅ ልጆቼ ናቸው። ቂርያት ማላኪ ቤቴ በመጡ ቁጥር ከቴሌቪዥኑ በላይ የሰቀልኩትን ወረቀት ያዩና፣ «ሳቭታ፣ ይሄ ባለ ሦስት ቀለም ትል ምንድን ነው?» ይሉኛል፤ ሳቭታ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። ትል አይደለም፣ የእግሬ መንገድ ነው። ቀዩ እዚሁ ቂርያት ማላኪ የሄድኩት፣ ሰማያዊው ጌዴራ፣ አረንጓዴው ያቭነ። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ይታጠፋሉ። የምነግራችሁ ስለዚያች መታጠፊያ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና ስሕተቴን አትልቀሙብኝ።

ታላቋ የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተመራማሪ ሆነች። ሥራዋ እኛ ጎንደር በኩል ትተናቸው የመጣናቸውን መንደሮች መፈለግ ነው። ጎጆዎቻችን እንጨትና ጭቃ ነበሩና ዝናብ በልቷቸዋል፤ ከሰማይ የተነሳውን ፎቶ ብታዩት ማሳ እንጂ መንደር አይታይም። ብቻዋን ሄዳ ደግሞ አትቆፍርም። እዚያው ካለ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ጋር ሆና፣ የእሷና የእሱ ዩኒቨርሲቲ አብረው እንዲመራመሩ ገንዘብ ለሚሰጥ ድርጅት ማመልከት ነበረባት። ካልተሳካ በበጋው ማለቂያ ውሏ ያበቃል፣ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ያኔ መንደራችንን የሚፈልገው የለም ማለት ነው። የምናውቀው እኛ አሮጊቶቹ ብቻ ነን፤ እኛም በየጊዜው እየቀነስን ነው።

ቶፈሱ፣ እዚህ አገር የሚሞላ ወረቀትን እንዲያ ነው የሚሉት፣ ማለቂያ አልነበረውም። አንዱ ጥያቄ፣ «መንደሩ እዚያ ለመኖሩ አሁን በእጃችሁ ምን ማስረጃ አለ?» የሚል ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዛ መጣች።

«ሳቭታ፣ መንደሩን ሳዪልኝ።»

«ልጄ፣ ወረቀቱ ጠበበኝ። መንደር በእጅ አይሳልም፣ በእግር ነው እንጂ።»

እንዲያው ለማለት ያህል ነበር። እሷ ግን ብድግ አለች። «ያላ፣ ተነሺ! እንግዲያው ጫማሽን አድርጊ።»

ከምንኖርባቸው ብሎኮች ጀርባ ገበያ በማይቆምበት ቀን ባዶውን የሚውል የአስፋልት ሜዳ አለ። በጠዋት ወጣን። ጉም ነበር። የዚህ አገር ጉም ከባሕር በኩል ይመጣና ሕንፃዎቹን ከወገብ በታች ይውጣቸዋል፤ ሰው ላይኛው ፎቅ ላይ ልብስ ሲያሰጣ ይታያል፣ ቤቱ ግን ምንም ላይ ያልቆመ ይመስላል። ፔሌፎኗን፣ ሞባይሏን ማለቴ ነው፣ ሰጠችኝ፤ የምሄድበትን ራሱ እየሳለ ይይዛል አለችኝ። ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ጠየቅኋት፤ የመንደሩ ቤታችን በር ወደዚያ ነበርና። በጉሙ ውስጥ ነጣ ያለውን አሳየችኝ። ፊቴን አዞርኩና በልቤ ከቤታችን ወጣሁ።

ርቀቱን በምን እንደለካሁት ትጠይቁኝ ይሆናል። በእናቴ ድምፅ ነው። ምንጩ እናቴ ስትጣራ ቃሉ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ነው። ጸሎት ቤቱ ጋ ድምፅዋ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ጋ ከደረሱ ወዲያ የለም። እኔም እየሄድኩ አዳምጥ ነበር። እናቴ ከሞተች ስንት ዘመኗ! በዚያ ጉም ውስጥ ግን መቼ መቆም እንዳለብኝ አንድም ጊዜ አልጠፋኝም።

ከመንደሩ ዳር የደም ጎጆ ነበረን። ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ እዚያ ትቀመጣለች፤ ስትወልድ ደግሞ አጠገቡ ባለው የአራስ ጎጆ ትሰነብታለች፣ ለወንድ አርባ ቀን፣ ለሴት ሰማንያ። ዙሪያው በድንጋይ የተከበበ ነው። ከድንጋዩ ውስጥ የገባ ዕቃ በውኃ ሳይታጠብ ወደ መንደር አይመለስም። እዚያ ስደርስ ሳላስበው ጎንበስ አልኩና ፔሌፎኑን አስፋልቱ ላይ አስቀምጬ ባዶ እጄን ገባሁ።

«ሳቭታ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ታዲያ ይዤው ልግባ? ወንዝ ወርዶ ሊታጠብ ነው እኮ!»

«ውኃ ከነካውማ እሱም ሞተ፣ እኔም ሞትኩ!» እየሳቀች አነሳችው። መስመሩ ግን እዚያ ላይ ተቋርጧል። እንደገና ከቤታችን ጀመርን፤ አሁን በመቀነቴ ጠፍራ አሰረችብኝ።

ከደም ጎጆው ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለ ነው። ጥቂት እንደወረድኩ እግሬ ወደ ቀኝ ወጣ፣ ዞረ፣ ተመለሰና መንገዱን ያዘ። እኔ አላዞርኩትም። እሷ ከኋላዬ ነበረች፤ «እዚያ ጋ ምን ነበር?» አለችኝ። ዞሬ አየሁ። አስፋልት ነው፣ የረጠበ ካርቶን ወድቆበታል። በልቤ መንደሩን ብፈልግ ዛፍ የለ፣ ቋጥኝ የለ፣ ሣር ብቻ። «እንጃ» አልኳት። ያኔ ነው ግራ እጄን ያየሁት። ተጨብጦ ወደ ላይ ከፍ ብሏል፣ ትልቅ ሰው እጁን እንደያዘው ሕፃን።

መምህሩን በኮምፒውተር መስኮት አገኘነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ምንጊዜም «እማማ፣ እንደምን ከረሙ?» ሳይል ነገር አይጀምርም። የዚያን ቀን ግን በልጅ ልጄ ላይ ፊቱን አጠቆረ።

«እኔን ረዳት ብለሽ ጽፈሻል። መሬቱ ያለው እዚህ፣ ቦታውን የሚያውቀው ገበሬ እዚህ። ቆፍሮ የሚያቀብል ብቻ ከሆንኩ አልፈርምም።»

ቀላች። «ቶፈሱ ላይ ያለው ቦታ አንድ መሪ ብቻ ነው» አለች።

«ልጄ፣» አልኳት እኔ፣ «ሁለት በሬ ጠምደሽ አንዱን ወደ ኋላ ካሰርሽው ትልሙ ይጣመማል።» መምህሩ ሳቀ። ለድርጅቱ ደብዳቤ ጽፋ ጠየቀች፤ ሁለት መሪ ይቻላል አሏት። ያን ካስተካከለች በኋላ መስመሬን አሳየችው። አተኩሮ አየውና፣ «አንድ መስመር ወግ ነው» አለ። «እማማ ሌላ ቦታ ይሂዱ፣ ይሄኛውን ሳያዩ።»

ጌዴራ ታላቅ እኅቴ ትኖራለች። ከቤቷ ማዶ ታርሶ የተተወ ሜዳ ላይ ሄድኩ። እሷ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ሆና ታየኛለች።

«ሰው ሲያረጅ አርፎ ይቀመጣል፣ ይህቺ ባዶ ሜዳ ላይ ውኃ ትቀዳለች! እንስራሽ የታለ አንቺ?»

«ጀርባሽን አውሺኝ!» አልኳት። ሴቶቹ ተንከተከቱ። በምንጩም፣ በጸሎት ቤቱም ስታሾፍብኝ ቆየች። ከደም ጎጆው ወርጄ እግሬ ወደ ቀኝ ሲወጣ ሳቋ ቆመ። ቀና ስል ከወንበሯ ተነስታለች።

«ይበቃል። ግቢ።»

«እትዬ፣ ገና ወንዙ ጋ አልደረስኩም።»

«ግቢ አልኩሽ!» ዱላዋን አነሳች፣ ደኅና ዋይ እንኳ ሳትለኝ ሄደች። በሯን ስትዘጋው እስከ ሜዳው ተሰማኝ። ፀሐዩ መትቷት ነው ብዬ ተውኩት።

ያቭነ ልጅቷ የምትኖርበት ነው። ከከተማው ወደ ባሕሩ በኩል አሸዋ አለ፣ በጠዋት ነፋስ ገና ያልነካው። እዚያ ሄጄ ስጨርስ ዱካዬን ተከትለን ተመለስን። መታጠፊያዋ ጋ ስንደርስ ልጅቷ ክንዴን ያዘችኝ። ሌላው ቦታ የአሮጊት እርምጃ ነው፣ ጫማዬ እየተጎተተ። ዙሩ ላይ ግን እርምጃዬ አጥሮ አጥሮ የልጅ ሆኗል። ሁለታችንም በዱካው ላይ መርገጥ ፈርተን በሩቅ አለፍነው።

ሦስቱን መስመር አንዱን ባንዱ ላይ አነጠፈቻቸው። እንደ ጥልፍ ተደራረቡ። መምህሩ ቦታ የሚያመለክት መሣሪያ ይዞ፣ ወንዙን መነሻ አድርጎ መስመሩን እየተከተለ ቦታው ድረስ ሄደ። ማስገቢያው ሐሙስ ቀትር ላይ ነው፤ እሱ የደወለው ሐሙስ ጠዋት። ምንጩ ካልኩት ቦታ አለ። የጸሎት ቤቱ ድንጋዮች ከቁጥቋጦ ሥር ናቸው። ሸክላ ሠሪዎቹ ጋ ስባሪው እግር ያንሸራትታል።

«መታጠፊያውስ?» አለች ልጅቷ።

«ሣር ነው። ምንም የለም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን አሁን በዚያ የሚኖሩት ሰዎች ወደ ወንዝ የሚወርዱበት መንገድም እዚያው ላይ ይታጠፋል። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። ‹የቀደሙት ሲዞሩ አይተን ነው› አሉኝ።»

ልጅቷ ግን ሰዓቱን ነው የምታየው። ጥፍሯን በልታ ጨርሳዋለች።

«ሳቭታ፣ በናትሽ፣ አንድ ቃል ብቻ። ቶፈሱ ላይ እያንዳንዱ ቦታ ምን እንደነበር መጻፍ አለበት። የሸክላ ማቃጠያ ነበር በይ። ባዶ ከተውነው ገምጋሚዎቹ ይጥሉናል። ማን ያውቃል?»

እውነቷን ነው፣ ማን ያውቃል? አፌ ሊከፈት ነበር። ወንበሯን ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ታየኝ። ደግሞ ያ የአሸዋ ላይ ዱካ ታየኝ።

«እግሬ የሚያውቀውን አፌ አያውቀውም። ልዋሽበት አልችልም፣ ልጄ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ከመስኮቱ ውስጥ መምህሩ፣ «የሄዱት ሴት ራሳቸው አያውቁትም ብለሽ ጻፊ» አላት። «እኔም እፈርምበታለሁ።» ጻፈች። ቀትር ሳይሞላ ላከችው፣ ከዚያ ሶፋዬ ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች።

መልሱ ከወራት በኋላ መጣ። «ሳቭታ፣ ተሳካ!» ስትል ጎረቤት ሁሉ በር ከፈተ። ዘለልን፣ እልል አልን። ከዚያ ደብዳቤውን በአማርኛ ገልብጣ አነበበችልኝ። ገምጋሚዎቹ ከሁሉ የወደዱት ያቺን የማትታወቅ መታጠፊያ ነው። የመጀመሪያው ቁፋሮ ከእሷ እንዲጀመር አዘዋል።

«ከሌላ ቦታ አይጀመርም?» አልኳት።

«ፈርመናል፣ ሳቭታ። ምን አስፈራሽ?»

ደስታችን እንዳለ ነው፣ እኔ ግን ነጠላዬን ተከናነብኩ።

ቁፋሮው ግን ሳይጀመር እዚያ አገር ሰላም ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ። ድርጅቱ ጊዜ ሰጣቸው። ልጅቷ ወንበሯ ላይ ቆየች፣ መምህሩም በየበዓሉ እየደወለ እንደምን ከረሙ ይለኛል። ዓመታት አለፉ። እኔም ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። መንገዱ በተከፈተ ጊዜ መምህሩ ፎቶ ላከ፤ ሣር ላይ አራት ችካል፣ ዙሪያውን ገመድ። ሰኞ እንጀምራለን ይላል።

ፎቶውን በወረቀት አሳትሜ በአውቶቡስ ጌዴራ ሄድኩ፤ እኅቴን ላሳቃት ብዬ ነበር። ተቀበለችኝ፣ መነጽሯን አደረገች፣ አየችው። ፎቶውን ጭኗ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው።

«እናታችን አስምላኝ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ነገረችኝ።

እዚያው ከቤቷ ሆኜ ለመምህሩ ደወልኩ። «ልጄ፣ ችካሉን ንቀልልኝ» አልኩት። ለምን አላለኝም። ከልጅቷ በተማራት የእሺታ ቃል፣ «ቤሰደር፣ እማማ» አለኝ። በኋላ ሁለቱ አብረው ለድርጅቱ ጻፉ፣ ቁፋሮውም ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋ ተጀመረ። መታጠፊያዋ ላይ እስከ ዛሬ አካፋ አላረፈም።

እኅቴ የነገረችኝ ይህን ነው። መንታ ነበርኩ። ቀድማኝ የወጣችው ሰማንያው ቀን ሳይሞላ፣ ስም ሳይወጣላት ሞተች፤ ከአራስ ጎጆው በታች፣ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ ቀበሯት። የሞተችው የቀረችዋን ወደ ራሷ እንዳትጠራት ተብሎ ለእኔ እንዳይነገር ሆነ። እግሬ መሄድ ሲጀምር፣ በዚያ ባለፍን ቁጥር ግራ እጄን ይዛ በቀኝ በኩል ታዞረኝ የነበረችው እኅቴ ናት።