የሙት ዓመቱ ድፍድፍ

ለአባቴ ሙት ዓመት ጠላ ልጠምቅ ወደ ቡሬ የሄድኩት ገና ሳልጀምረው ደክሞኝ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ቀኑን ሙሉ የሰው ወረቀት ሳባዛ እውል ነበር፤ የራሴን ግጥም የምጽፈው ደንበኛ ሲጠፋ ነው። ቤታችን ከቡሬ አስፋልት ወጣ ብሎ በእግር የሚያስኬድ ገጠር ነው። ስደርስ እናቴ ቀኝ እጇን በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በር ላይ ጠበቀችኝ። በሬ ገፍትሯት ወልቆ፣ ወጌሻው መልሶላታል፤ ግን ለወራት እንዳታነሳበት ነግሯታል።

«ከቡሬ ጠላ ቤት ገዝተን እንገላገል» አልኳት ገና ጫማዬን ሳላወልቅ።

«የተገዛ ጠላ ለአባትሽ? አክስትሽ ሰምተው ምን ሊሉኝ?»

ነገሩ ይኸው ነው። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው። እናቴ ሙሽራ ሆና የጠመቀችው የመጀመሪያ ጠላ ኮምጥጦ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ በየድግሱ «ወንድሜ ጠላ የሚጠጣው እኔ ዘንድ ሲመጣ ነው» ይሉ ነበር። አባቴ ይስቃል እንጂ አያስተባብልም። እናቴ ያን ሳቅ ይዛ ኖራለች። አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በሙት ዓመቱ እሁድ፣ አክስቴ ባሉበት፣ ለካህናቱ ከራሷ ጋን መቅዳት።

ጎረቤት ሴቶች ቢያግዙን ይቀለን ነበር። ጥር ግን የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ነው፤ ቀበሌው በየልማት ቡድኑ እየጠራ ሁሉንም ተራራ ላይ አውጥቷቸዋል። ሲመሽ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው በደጃችን ያልፋሉ። «በርቱ!» ይሉናል፤ «እናንተም በርቱ!» እንላቸዋለን። የሚበረታ ግን አልነበረም።

ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽቼ አጠብኩ፤ በወይራ ጭስ አጠንኩ። ጌሾ ወቅጬ ከጥቂት ብቅል ጋር ጠነሰስኩ። ስወቅጥ ግጥም ይመጣልኝ ነበር፤ ምቱን ዘነዘናው ይሰጠኛል፣ ቃሉ በራሱ ይከተላል። እጄን አድርቄ እስክርቢቶ እስካነሳ ግን ይጠፋል። እናቴ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ «ጸሎት ነው?» ትለኛለች። «ነው» እላለሁ።

ጥንስሱ ከተብላላ በኋላ ድፍድፉ ይቀራል። የዳጉሳው ወፍራም ቂጣ ይቆራረሳል፣ ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ይበርዳል፤ ከዚያ ከጥንስሱና ከተፈጨው ብቅል ጋር ይለወሳል። ብቅል ለብ ያለ ነገር ይወዳል፤ ትኩስ ይገድለዋል። ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት።

ቂጣውን ጋግሬ ስጨርስ ፀሐይዋ ጠልቃ ነበር። ነገ አስተርዮ ማርያም ናት። የዋዜማው ደወል ከተደወለ በኋላ በእናቴ ቤት አይፈጭም፣ አይቦካም፣ አይለወስም። ቂጣው ሰፌዱ ላይ ይጨሳል።

«ትንሽ ይብረድ፣ እማ።»

«ማርያም አንቺን ትጠብቃለች? ጨምሪው!»

«ብቅሉስ?»

«ጨምሪው አልኩሽ እኮ! ደወሉ ሊደወል ነው።»

ጨመርኩት። እሷም ደህና በሆነው ግራ እጇ ብቅሉን በላዩ በተነችው። እንፋሎቱ ፊታችን ላይ ወጣ። አማሰልኩት፣ ከደንኩት፣ ደወሉ ተደወለ። እናቴ አማተበችና በእፎይታ ተቀመጠች።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከፈትነው። እስከዚያ ላልቶና ጣፍጦ መገኘት ነበረበት። እንደ ጭቃ ተጋግሮ፣ ማማሰያው መሐሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። እናቴ በጣቷ ቀመሰች። እኔም ቀመስኩ፤ ዱቄት ዱቄት ይላል።

«ብቅሉ ተቃጠለ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

ሌላ ብቅል ነበረን፣ ግን አልተፈጨም። ወፍጮ ቤቱ ለበዓሉ ተዘግቷል። «በእጄ ላድቅቀው» ብላት ዞር ብላ አየችኝ።

«በማርያም ቀን? የምንደግሰው ለነፍሱ ነው ወይስ በነፍሱ ላይ?»

ስለዚህ ተቀመጥን። ሥራ እያለ እጅን አጣጥፎ መዋል ከሥራው ይልቅ ያደክማል። ከጋኑ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ የማይሰማ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው ዋልን።

በነጋታው ወፍጮ ቤቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ብቅሉን አስፈጭቼ ለብ ባለ ውኃ በጥብጬ ጨመርኩበት፣ ጋኑንም በጋቢ ጠቀለልኩት። ማታውን ላላ፤ ጣፈጠም። ግን አንዴ የቀዘቀዘ ድፍድፍ እንዳኮረፈ ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ውኃ የምንጨምርበት ቀን ተገፋ፣ የሚደርስበትም አብሮ ተገፋ።

እሁድ ጠዋት ከጋኑ ቀድቼ ለእናቴ ሰጠኋት። ገና ጉሽ ነው፤ ሕፃን የሚጠጣው ይመስላል፣ ጉልበት የለውም። ጣሳውን መለሰችልኝ።

አክስቴ ካህናቱን ቀድመው ደረሱ። ከኋላቸው በአህያ የተጫኑ ቢጫ ጀሪካኖች ነበሩ፤ ዘመድ ለሙት ዓመት ጠላ ይዞ መምጣቱ ያለ ነው።

«የናንተስ ደረሰ?» አሉ ገና ከበሩ።

«አልደረሰም፣ እታታ» አለች እናቴ።

«እኔማ አውቄ አይደል ያመጣሁት።»

እናቴ የእሳቸውን ጠላ በግራ እጇ ለካህናቱ አንድ በአንድ ቀዳች፤ ልቀበላት ብል እምቢ አለችኝ። ከካህናቱ አንዱ ጠጥተው ጢማቸውን ጠረጉና «ይህስ የማን እጅ ነው?» አሉ።

«የእታታ ነው» አለች እናቴ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብላ።

የእኛ ጠላ የደረሰው እንግዳው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው። ጠልሎ፣ ጠቁሮ፣ ገና ሲቀዳ አፍንጫ የሚይዝ ሆነ። የሚጠጣው ሰው አልነበረም። አክስቴ በገበያ ቀን ጀሪካናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ እናቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝና ቀዳሁላቸው። ቆመው ነበር የተቀበሉኝ። ግማሹን ጠጡ፣ ጣሳውን አዩት፣ መደቡ ላይ ተቀመጡና የቀረውን ጨረሱ።

«ይህን ለእሁድ አታደርሱትም ነበር?»

«ማርያም ያዘችን» አለች እናቴ።

አክስቴ ጣሳውን ወደ እኔ ዘረጉ፤ ሞላሁት። ሁለተኛውንም ጨርሰው ሲነሱ፣ ለመሄድ መስሎኝ ጀሪካኖቹን አቀረብኩላቸው። አንዱን በእግራቸው ወደ ጋኑ ገፋ አደረጉት።

«ይህን ሙይልኝ። አህያዋ ባዶ ለምን ትሄዳለች።»

እናቴን አየኋት። ፈገግታ ጠብቄ ነበር፣ ቢያንስ ቀና ማለት። እሷ ግን ጀሪካኑን እንድሞላ በአገጯ ብቻ አመለከተችኝ። ሞላሁት፤ አህያዋ ላይ አሰርኩት። አክስቴን ሸኝቼ ስመለስ እናቴ የታመመ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።