ዕቃ ጠባቂዋ እናቴ

ክረምት በመጣ ቁጥር እበሳጫለሁ። የሚያበሳጨኝ ዝናቡ አይደለም፤ እንግዳ ነው። ይቅር ይበለኝ፣ ጎጃም ተወልዶ እንግዳ ጠላሁ ማለት ነውር ነው፤ ግን እውነቱን ልናገር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የባሌ እህት ባሏንና ልጆቿን ይዛ ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም ትመጣለች። ከዚያ ወዲያ ቤቱ የኔ አይደለም። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ እወስድና አብሳይም፣ አስጎብኚም፣ ጭቃ የነካው ጫማ አጣቢም እኔው እሆናለሁ። ገና ከመኪና ሳይወርዱ «ዘንድሮስ የት ነው የምታዝናኑን?» ይላሉ። ኤዲያ! ሆቴል ከፍቻለሁ እንዴ?

የዚያን ክረምት ግን መምጣታቸውን እኔም ጠብቄው ነበር። እነሱ ሲመጡ ባሌ ሚኒባስ በኮንትራት ይይዝና ከቡሬ ወጣ ብሎ ወዳለው ፏፏቴ ይወስዳቸዋል። የእናቴ ቤት ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ ነው። ለፋሲካ ልጠይቃት ሄጄ ሳለሁ ድንገት እንዲህ አለችኝ፤ «በዚህ ክረምት እኔንም ውሰዱኝና ያን ፏፏቴ አሳዩኝ። ጉልበቴ ሳይከዳኝ።»

ደነገጥሁ። «አይተሽው አታውቂም እንዴ?»

«የት አይቼው?»

እውነቷን ነው። ገበያው ወዲህ፣ ደብሩ ወዲህ፣ ምንጩ ወዲህ ነው፤ ወዲያ ያለው ገደሉ ብቻ ነው። ባለ ትዳር ሴት ሥራዋን ትታ ውኃ ልታይ ገደል ወረደች ቢባል አገር ያወራል። ፏፏቴው ሐምሌና ነሐሴ ሲያገሳ ከመደቧ ሆና ትሰማዋለች፤ ትዳር ከያዘች ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። አባቴ በሕይወቱ ሳለ ከብት ይዞ ወደዚያ ይወርድ ነበርና፣ ሲመለስ «ምን ይመስላል?» ትለዋለች። «ውኃ ነው! ውኃ አይተሽ አታውቂም?» ይላታል። በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። እኔ እንኳ በተማሪነቴ ከጓደኞቼ ጋር ወርጄ አይቼዋለሁ። እሷ ግን ድምፁን ብቻ ይዛ አረጀች።

«እወስድሻለሁ» አልኋት፤ ማልሁላት።

እንግዶቹ በመጡ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጧት፣ እናቴ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችን። የዓመት በዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጥባ፣ ኮንጎ ጫማዋን እንኳ ፈትጋ አጥባው። በአንድ እጇ ምርኩዝ፣ በሌላው ድፎ ዳቦ ይዛለች። እንግዶቹ መኪናው ውስጥ «ውይ፣ የገጠር ዳቦ!» እያሉ ዳቦውን ፈጁላት። እሷም ሲበሉላት ደስ አላት።

መኪናው ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ሜዳ ላይ አወረደንና ሹፌሩ ነዳጅ ሊቀዳ ቡሬ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት በእግር የሚወረድ ነው፤ ጭቃው ያንሸራትታል። የባሌ እህት ቁልቁለቱን አየች፣ ሣሩ ላይ የተከመረውን ቦርሳ አየች፣ ከዚያ እናቴን አየች።

«እማማ፣ እርስዎ ባይወርዱ ይሻላል፤ ይወድቁብናል። እዚሁ አረፍ ብለው ዕቃችንን ይጠብቁልን። ለርስዎ እንደሆነ ሁልጊዜ የሚያዩት ነው!»

ሁልጊዜ የሚያዩት ነው! ቆሽቴ አረረ። «ኧረ አይታው አታውቅም!» አልሁ። ማን ሰምቶኝ! ልጆቹ ቀድመው እየሮጡ ነው፣ እናታቸው ጫማ ትቀይራለች፣ ባሏ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ ራሱን ይቀርጻል። ወደ ባሌ ዞርሁ። «ተይ እንጂ አሁን፤ እንግዶች እኮ ናቸው» አለኝ በሹክሹክታ። እና እናቴ ማን ናት? ዘበኛ ናት?

እሷ ግን «እሺ የኔ ልጅ፣ ሂዱ። እኔ ወርጄ ምን እሠራለሁ» ብላ ነጠላዋ እንዳይቆሽሽ ሰብስባ ቦርሳዎቹ መሐል ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«ሂጂ እንጂ ከእንግዶችሽ ጋር» አለችኝ።

«አልሄድም!» ጮህሁባት። እሷ ምን አደረገችኝ? ለነዚያ የሚገባውን ጩኸት ነው ለሷ የሰጠሁት።

ፏፏቴው ከታች ያጓራል። እናቴ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች። አንድ ጊዜ ብቻ «ዛሬ ሞልቷል» አለች። እኔ ሣር እነጫለሁ።

ብዙ ቆይተው እየሳቁ፣ እስከ ጉልበታቸው ጨቅይተው ወጡ። የባሌ እህት ባል በቀጥታ ወደ እናቴ መጣና ስልኩን ዘረጋላት። «ይኸው እማማ፣ ቀርጬልዎታለሁ! እንዳዩት ይቁጠሩት!»

እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ዓይኗን ጨፈን ከፈት እያደረገች፣ አጥብቃ አየችው። እስከ መጨረሻው አይታ መለሰችለት። «ይባርካችሁ፣ ያማረ ነው» አለች። ቀጥላ ወደኔ ጠጋ ብላ፣ እነሱ እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንዲህ ትንሽ ነው እንዴ? እኔስ በድምፁ ትልቅ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ዘመን ስትሰማው ኖራ፣ ትንሽ ነው ብላ ልትሞት ነው! በዚያች የእጅ መዳፍ በምታህል መስታወት የተነሣ!

«ተነሺ!» አልኋት።

«ወዴት?» አለ ባሌ።

«ወደ ታች!»

«ሴትዮ፣ ዝናቡ መጣ እኮ! ሹፌሩም ደርሷል፣ እንግዶቹም ደክሟቸዋል…»

«ይምጣ ዝናቡ! ይድከማቸው! በዳቦዋ ጠግባችሁ በዘበኛ ቦታ ያስቀመጣችኋት እናቴ ናት! በሉ አሁን ዕቃችሁን ራሳችሁ ጠብቁ። እናንተማ አይታችሁታል!»

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜው ኖሬ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ጥዬው ወረድሁ።

እናቴ አልተከራከረችኝም። ቁጥቋጦ እየያዘች፣ በምርኩዟ እየተደገፈች፣ ሲብስ ደግሞ በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች ወረደች። የዓመት በዓል ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ሆነ። እንመለስ ብላ አንዴም አልጠየቀችም። የመጨረሻዋን ቋጥኝ ዞርንና ውኃው ፊት ለፊታችን መጣ።

ቆመች። ከላይ እስከ ታች አየችው። ጉሙና ፍንጣቂው ነጠላዋን አራሰው፣ ፊቷን አራሰው፤ አልጠረገችውም። አማተበች። ደስ ብሏት ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ እንዲያ ሆና አይቻት የማላውቃት እናቴ፣ ፊቷ ተቆጥቶ ወደኔ ዞረች።

«ውኃ ነው አለኝ!» ብላ ጮኸች፤ ካልጮኸች አይሰማም። «አባትሽ! ይህን አይቶ እየመጣ ውኃ ነው ይለኝ ነበር! ነፍሱን ይማረውና፣ ዋሾ!» ምርኩዟን ድንጋዩ ላይ መታችው። «እኔም አመንሁት!»

ቀና ስል ባሌ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ቆሞ፣ በዝናቡ ውስጥ ክንዱን እያወዛወዘ ይጠራናል።

«ኑ ማለቱ ነው፤ እንግዶቹ ቸኩለዋል» አልኋት በጆሮዋ። እናቴ አማቿን ስታከብር ለጉድ ነው፤ ጠርቷት ተቀምጣ አታውቅም።

«ይቸኩሉዋ!» አለችና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።