በሠራተኞች ቀን ለአለቃዬ ያወረድኩለት ግጥም

ይህ የሆነው አምና ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ የሠራተኞች ቀን በተከበረበት ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ የሰርግ ከበሮ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ትዝ ሲለኝ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ደስ ይለኛል። ቂመኛ ናት የሚሉኝ አሉ። አልዋሽም፣ ነኝ። ከነምክንያቱ ልንገራችሁ።

የምሠራው ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የዱቄትና የብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ዛሬም እዚያው ነው። የብስኩት ክፍል የገባሁት ከየሺ ጋር በአንድ ቀን ነበር። እሷ ከአምባሰል፣ ከግሸን መንገድ ካለ ቀበሌ የመጣች ናት፤ እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ። ምሳችንን አንድ ላይ ነበር የምንበላው። እሷ ስትጾም እኔ ሽሮ ይዤ እመጣለሁ። እኔ ረመዳን ስይዝ እሷ ከፊቴ ውሃ አትጠጣም ነበር።

አለቃችን ሰይድ ይባል ነበር እንበል። የሱን ስም ቀይሬዋለሁ። የሺን ግን "ያንቺንም ልቀይር?" ብላት "የኔን እንዳትነኪው፣ የሠራሁት ነውር የለም" አለችኝ።

አደጋው የደረሰው ከዚያ በዓል ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሊጡን የሚዳምጡት ሁለት ብረቶች ላይ እጅ እንዳይገባ የሚከልል ክዳን አለ። ሊጥ ሲጣበቅ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ ማጽዳት ግድ ነው። ያ ደግሞ ሥራ ያጓትታል። አንድ ቀን ሰይድ ትእዛዝ በዝቶበት ሲቆጣ ዋለና በመጨረሻ ካቻቢቴ ይዞ መጥቶ ክዳኑን በገዛ እጁ ፈታው። ማሽኑን ሳታጠፉ የተጣበቀውን በእጃችሁ እያነሣችሁ ሥሩ አለን። እኔ ከየሺ በሁለት ክንድ ርቀት ነበር የቆምኩት። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።

በሦስተኛው ቀን የሺ ቀኝ እጇን አስገባች። እንዴት እንደጮኸች አልነግራችሁም። ደሴ ሆስፒታል ወስደዋት አራት ጣቶቿ ተቆረጡ። የቀረላት አውራ ጣቷ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሰይድ ቢሮ አስጠራኝ። ክዳኑ ተመልሶ ታስሮ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተጻፈ ወረቀት አለ። "የሺ በራሷ ፈቃድ ክዳኑን አንሥታ ስትሠራ አደጋው ደርሷል፤ እኔም አይቻለሁ" ይላል። ከታች ስሜ ተጽፏል፤ የቀረው ፊርማዬ ነው።

"ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ እኮ አይደለም" አልኩት።

ድምፁን እንኳን አላነሣም። "ሀዋ፣ ያንቺ ኮንትራት የሚታደሰው በሰኔ ነበር አይደል?" አለኝ።

ያኔ ባለቤቴ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ሁለት ልጆች አሉኝ። ፈረምኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ፈርቼ ፈረምኩ።

የሺ በራሷ ጥፋት ነው ተብላ ከሥራ ተሰናበተች። የስንብት ወረቀቷን ለመውሰድ የመጣች ዕለት ፊርማዬን አሳይተዋታል። በር ላይ ጠበቀችኝ። "ሀዋዬ፣ እስቲ ቀና ብለሽ እዪኝ" አለችኝ። ቀና ማለት አቃተኝ። በጎን አለፍኳት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ገበያ ላይ እንኳን ካየኋት መንገድ እቀይር ነበር።

አሁን ወደ በዓሉ ልምጣ። በጦርነቱና በኑሮው ምክንያት ለዓመታት የሠራተኞች ቀንን እንደነገሩ ነበር የምናሳልፈው። አምና ግን የሠራተኛ ማኅበራችን በደንብ እናክብር ብሎ ተነሣ። ቀይ ቲሸርትና ኮፍያ ተሰፋልን። ዕለቱ ጊዮርጊስም ስለነበር ክርስቲያኖቹ ቤተ ክርስቲያን ስመው መጥተው ነው ሰልፉ የተጀመረው። ከፋብሪካው በር ተነሥተን በአስፓልቱ ከተማውን አቋረጥን። ባጃጆች ጡሩንባ ይነፉልናል። ወደ ወልድያ የሚያልፉ የጭነት መኪናዎች መንገድ ስለዘጋንባቸው በንዴት ይነፋሉ፤ እኛ ግን ሁሉንም እንደ አድናቆት ቆጠርነው።

ከፊት የተያዘው ትልቅ ጨርቅ ላይ "ከአደጋ የጸዳ የሥራ ቦታ ለሁሉም ሠራተኛ!" የሚል ተጽፎበታል። የጨርቁን አንዱን ጫፍ የያዘው ሰይድ ነበር።

እያየሁት ሄድኩ። ያን ጊዜ እንኳ ምንም ለማድረግ አላሰብኩም።

ሰልፉ ያበቃው ሐይቁ ዳር ነው። ምሳው እዚያ ነበር። በሬ ይታረድ ቢባል የእስላም፣ የክርስቲያን እየተባለ ሁለት ድግስ ሊሆን ነው። ስለዚህ ዓሣ ይሁን ተባለ፣ ፋሲካውም ስላለፈ ሁሉም ተስማማ። መጥበሱን ሐይቁ ዳር ለሚሠሩ ሴቶች ሰጡት። የዛፍ ጥላ ሥር ሦስት ትልልቅ መጥበሻ ተጥዷል። መሀል ላይ ያለችው ጠባሽ ቀና ስትል የሺ ናት።

ቀይ ቲሸርት ለብሼ፣ ሳህን ይዤ፣ ለሷ ተሰልፌያለሁ። በግራ እጇ ዓሣውን ትገለብጣለች፤ ቀኟን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላዋለች። ከሰልፉ ወጥቼ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። መብላት አልቻልኩም።

ሰይድ ግን በላ። ሁለት ጊዜ ነው የተመለሰው። በሁለተኛው እሷን ከላይ እስከታች አያትና፣ ሁሉም እየሰማ፣ "የሺ፣ ሙያሽን ሳላውቅ ኖሬያለሁ። እጅሽ ይባረክ!" አላት።

አውቆ ይበለው፣ አፉ ያመጣውን ይናገር፣ እስካሁን አላውቅም። ለኔ ልዩነት የለውም። የሺ ዓሣውን ሳህኑ ላይ አኖረችለት። የተጠቀለለውን እጇን ግን ከነጠላዋ ሥር ደበቀችው። ዛሬ ከዚህ ሳይዋረድ አይሄድም አልኩ ለራሴ።

ከምሳ በኋላ ንግግር ተደረገ። ምስጉን ሠራተኞች እየተጠሩ ተሸለሙ። ከኃላፊዎች ምስጉን የተባለው ሰይድ ነው። "ክፍላቸው በጥንቃቄ ጉድለት የሚወቀስበት አንድም አደጋ አልደረሰም" ተብሎ ተነበበለት። በፍሬም የተሠራ የምስክር ወረቀት ተቀበለ። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ። እጄ ሲያጨበጭብ ጭንቅላቴ ግን ግጥም እየደረደረ ነበር።

ሐይቅ ላይ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ በሰርግ ዘፈን አውራጅነቴ ያውቀኛል። እናቴም አውራጅ ነበረች። ስለዚህ የገመድ ጉተታ ውድድሩ አልቆ እትዬ ከድጃ፣ የማሸጊያ ክፍሏ ትልቅ ሴት፣ ከበሮውን ስታነሣ ሁሉም ወደኔ ዞረ። ክብ ሠራን። የድምፅ ማጉያው አጠገባችን ስለነበር ድምፄ ሐይቁን ተሻግሮ ይሰማ ነበር።

ለማኅበሩ አወረድኩ። ለሹፌሮቹ አወረድኩ። ሰይድ የምስክር ወረቀቱን እንዳቀፈ ክቡ መሀል ገባ። "ሀዋ! ለኔስ? እስቲ አወድሽኝ!" አለ።

የምፈልገውም ይሄንኑ ነበር። መጀመሪያ እንዲጥመው አደረግኩ።

ያምባሰል ማር ጣፋጭ ስሙ ሩቅ ይሰማል፣
የኛ አለቃ ሥራ ሳይነገር ይጥማል።

ተቀበሉልኝ። እስክስታ ወረደ። ሰዉ ሞቀ። ያን ጊዜ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ሁለተኛውን አወረድኩ።

እጅ መንሳት እንደሆን ማን እንደሱ ያውቃል፣
ሌላ ምን ምስክር የየሺ እጅ ይበቃል።

የሰላምታው እጅ መንሳት መሰለውና ወረቀቱን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ለሰዉ እጅ ነሣ! ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም። እትዬ ከድጃ ቀድማ ገባት። ከበሮውን አላቆመችም። "ድገሚው!" አለችኝ ጮክ ብላ። ደገምኩት። ሴቶቹ በሙሉ ተቀበሉት። ሳቁ ከዳር ጀምሮ እየተጠጋ መጣ። ሰይድ ከጎነበሰበት ቀና ሲል ሁሉም ሰው ወደ መጥበሻው፣ ወደ የሺ እያየ ነበር። ያኔ ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ምን ማለትሽ ነው አንቺ?" አለ።

መልሱን በግጥም ሰጠሁት።

ክዳኑን ያነሣውን እጁን አውቃለሁ፣
እኔም በዚህ ጣቴ ሐሰት ፈርሜያለሁ።

ይሄን ማንም አልተቀበለኝም። ከበሮው ቆመ።

የማኅበራችን ሊቀመንበር ጋሽ አበበ ወደ መሀል መጣ። "ሀዋ፣ ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ቁም ነገር?" አለኝ።

"ቁም ነገር ነው ጋሼ። ሲፈታው በዓይኔ አይቻለሁ። ስትጠሩኝ መጥቼ ቃሌን እሰጣለሁ። የፊተኛው ፊርማዬ ውሸት ነው።"

"ቅጥፈት ነው! ሰክራለች!" አለ ሰይድ።

"ሀዋ ናት የሰከረችው?" አለች እትዬ ከድጃ። እንደገና ተሳቀ። ጠጥቼ እንደማላውቅ አገር ያውቃል። ሰይድ ወረቀቱን በብብቱ ሸጉጦ በአስፓልቱ አቅጣጫ ብቻውን ሄደ። ቀይ ኮፍያው እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ የሺ ጋ ሄድኩ። ታቅፈኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ዓሣዋን ትገለብጣለች።

"ይሄን ግጥም ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈልጊው ነበር?" አለችኝ።

ሳህን አነሣች። "ሳትበዪ ነው የዋልሽው። አይቼሻለሁ። እንኪ" አለችኝ። እያለቀስኩ በላሁ።

ጉዳዩ እንደገና ታየ። እኔ አፌን ስከፍት ሌሎች ሁለት ሠራተኞችም ያዩትን ተናገሩ። በሐሰት በመፈረሜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኛል። የሺ ወደ ሥራ ተመለሰች፤ በግራ እጇ መጻፍ ተለማምዳ የዕቃ መዝጋቢ ሆናለች። ሰይድ ከአለቃነት ተነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካውን ጥሎ ወጣ።

ግጥሙ ግን አለቀቀውም። እኔ የዘፈንኩት በዚያች ቀን ብቻ ነው። ሴቶቹ ወደየቤታቸው ይዘውት ሄዱ፤ ከዚያ ገበያ ገባ፣ ሰርግ ገባ። አንድ ጊዜ እህል ተራ ውስጥ ሰይድ ለአንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲል ከኋላዬ ሁለት ሴቶች "አብሽር፣ እሱ እጅ መንሳት ያውቅበታል" ብለው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ጀርባው ሲደነግጥ አየሁ። ሽንኩርቴን ገዝቼ ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱ አጠረልኝ።

ዘንድሮ ጥር ላይ፣ እሁድ ጠዋት፣ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። አንድ ሸህ፣ አንድ ቄስና የሰይድ አጎት። ሰይድ ልጁን ሊድር ነው። ሰርጉ ላይ ያ ግጥም እንዳይነሣበት አውራጆቹን እንድለምንለት ነው የመጡት።

"ልጄ፣ ይቅር በይው። ሰውዬው ከሰው ፊት መቆም ፈርቷል" አሉኝ ሸሁ።

"አባባ፣ ልጅቷ ምንም አላደረገችኝም። በሷ ሰርግ ማንም እንዳያወርደው አደርጋለሁ" አልኳቸው።

መረቁኝ። ሊነሡ ሲሉ ቄሱ "እንግዲህ ከልብሽ ይቅር ብለሽዋል ማለት ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"አባቴ፣ እኔ ጣት አልጎደለብኝም። የሺ ጋ ሄዳችኋል?"

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አልሄዱም። የሷን ደጅ ማንኛቸውም አላሰቡትም ነበር። ቤቷን አሳየኋቸው፤ ከኔ ቤት ሦስተኛው ቅያስ ላይ ነው። "እሱ ራሱ ይምጣና እሷን ይጠይቃት። እሷ ተዪው ካለችኝ እተወዋለሁ" አልኳቸው።

ቃሌን ጠብቄያለሁ። በሰርጉ ከበሮው ሲመታ ዋለ፣ ያን ግጥም ግን ማንም አላነሣውም። ሰይድ ግን ቀኑን ሙሉ አውራጇ አፏን በከፈተች ቁጥር ላብ ሲያጠምቀው ነበር አሉ። ሲነግሩኝ ሳቅሁ።

አሁን ስለዚህ ነገር ሳስብ የሚጸጽተኝ የገጠምኩት ሳይሆን የፈረምኩት ነው። የሺና እኔ ምሳ አብረን መብላት ጀምረናል፤ እንደድሮው ግን አይደለንም፣ አንዳንድ ቀን ዝም ትለኛለች፣ እኔም አልጠይቃትም። ሰይድን በተመለከተ ግን ልቤ አልራራም። ከሱ ቤት እስከ የሺ ቤት በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። እስከዛሬ አልመጣም።