ከጦሳ ጅረት የወጣው ቅጠል

ባለፈው መጋቢት፣ የበልግ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ካለችው ትንሽ ድልድይ ላይ ቆምኩ። ውሃው ከላይ ያወረደውን ቅጠል ድንጋዩ ላይ ለጥፎት ሄዷል። ቅጠሉ ጠቁሮ ይሸታል። መንገደኛው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ሽታውን አውቀዋለሁ፤ ዘይነባን አስታወሰኝ።

ዘይነባ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ለዩኒቨርሲቲ መመረቂያዋ የሚሆን ጥናት ልትሠራ ደሴ መጣችና እኛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት አልመጣልኝ ብሎ፣ ከእናቴ ጋር ቤት ውስጥ ነበርኩ። ዘይነባ ብቻዋን ወደ ጦሳ ተራራ ስትወጣ ያየች እናቴ፣ “አብረሻት ውጪ፤ እሷም የሰው ልጅ ናት” አለችኝ። እናቴ ብዙ አትናገርም። ወጣሁ።

የዘይነባ ጥናት ከጦሳ ስለሚወርድ አንድ ጅረት ነበር። የመጀመሪያው ቀን ዳሩ ላይ ተቀምጠን ቆሎ እየቆረጠምን፣ “ዛፍ ከአየር ይበላል” አለችኝ። “የበላውን ቅጠል ያደርገዋል። ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ሲወድቅስ ወዴት ይሄዳል?”

“ቦርከና ወንዝ ይገባላ።”

“ሁሉም?”

“ታዲያ ማን ያስቀረዋል?”

ሳቀችና አንድ ድንጋይ ገለበጠች። ከሥሩ ጥቃቅን ትሎች ይርመሰመሱ ነበር። እነሱና በዓይን የማይታዩት ጓደኞቻቸው ቅጠሉን ይበሉታል፤ እየበሉም እንደኛው ይተነፍሳሉ። ውሃው ከድንጋይ ድንጋይ ሲዘል ያ ትንፋሽ ወደ አየር ይመለሳል። ያልተበላው ደግሞ በቦርከና ወደ ቆላ ይወርድና ደለል ውስጥ ይቀበራል። ሰው ጅረትን የተሰጠውን ብቻ እንደሚያሳልፍ ቧንቧ ያየዋል፤ ዘይነባ ግን “ወላሂ ይበላል፤ ይተነፍሳልም” ትል ነበር። ምን ያህሉ ወደ ሰማይ እንደሚመለስ፣ ምን ያህሉ እንደሚወርድ ማወቅ ፈለገች። ተራራው በባሕር ዛፍ እየተሸፈነ ነበርና፣ ጅረቱ ግራዋና ወይራን እንደሚበላ ባሕር ዛፉንም ይበላ እንደሆነ ማየት ዋናው ሐሳቧ ሆነ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሽንኩርት ከረጢት መረብ እየቆረጥን ትንንሽ ቦርሳ እንሰፋለን፤ የተመዘነ ቅጠል እንከትበታለን፤ ቁጥር የተጫረበት ቆርቆሮ አንጠልጥለን፣ በክር አስረን፣ ጅረቱ ውስጥ ከድንጋይ ሥር እናስተኛዋለን። ግቢያችን በረንዳ ላይ ነበር የምንሰፋው።

“ይህን ስሰፋ ያየ ሰው መተተኛ ይለኛል” አለች አንድ ቀን፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

“ቀይ ክር ማን ግዢ አለሽ?”

“ውሃ ውስጥ እንዲታየኝ ነዋ።”

“አንቺ እስክታዪው ሰይጣን ቀድሞ ያየዋል።”

ሁለታችንም ሳቅን። እናቴ የሽሮ ክክ እያበጠረች ነበር፤ አልሳቀችም።

ኅዳር ላይ ውሃው ሲጠራ ቦርሳዎቹን አስተኛን። በየጊዜው ጥቂት ጥቂቱን እያወጣን ኮምቦልቻ እንወስዳለን። ደሴ ጉም ስለሚበዛባት ቅጠል ቶሎ አይደርቅም። የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዝዘን ስንወርድ ሙቀቱ ይቀበለናል፤ ነጠላዬን አወልቃለሁ። ቅጠሉን የነዘይነባ ቤት ጣሪያ ላይ እናሰጣለን፤ ሲደርቅ አጎቷ ወርቅ በሚመዝንበት ሚዛን እንመዝነዋለን። አጎቷ “የኔ ደንበኞች ጉትቻ ያመጣሉ፣ እናንተ ገለባ” ይለናል። ሁዳዴ ሲገባ እናቷ በአዲስ ድስት ያለ ቅቤ የተሠራ ወጥ ለይታ ታቀርብልኝ ነበር። ስሜን ጠርታ፣ “ይህ የሙሉ ድስት ነው፤ ማንም እንዳይነካው” ትላለች። ያን ድስት ሳስብ ዛሬም አመሰግናታለሁ።

እስከ ግንቦት የሚቆዩት ቦርሳዎች ብዙዎቹ ነበሩ፤ የጥናቱ ክብደትም እነሱ ላይ ነበር። ዘይነባ “የእስካሁኑ ጅማሬው ነው፤ ነገሩን የሚነግሩን የቆዩት ናቸው” ትል ነበር። ሌላ ዓመት ዩኒቨርሲቲው አይሰጣትም።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከኮምቦልቻ ስንመለስ እናቴን በራፉ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ሥራ ሳትይዝ መቀመጥ ልማዷ አይደለም።

“ዘይነቤ፣ ነይ ተቀመጪ” አለች። “ቅጠላችሁን አቃጠልኩት።”

የሆነውን ባጭሩ ነገረችን። ያለፈው ቀን ዝናብ አንዱን ቦርሳ ከድንጋዩ ነቅሎ፣ ከታች ሰው የሚጠመቅበት የማርያም ጠበል ውስጥ ጣለው። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ እግሯ ሥር አገኘችው፤ ቅጠል፣ መረብ፣ ቀይ ክር፣ ቁጥር የተጫረበት ቆርቆሮ። ሴቶቹ ተጠራርተው ጅረቱን ሽቅብ ፈተሹና ሁሉንም አወጡ። እኛ ዘንድ እንዲህ ታስሮ የተደበቀ ነገር ሲገኝ ማሰሪያው ይፈታል፤ ጸሎት ይደረስበታል፤ ይቃጠላል። እናቴም ለሁዳዴ ጠበሉ ጋ ነበረች። እትዬ አስካለ ቦርሳውን ከፍ አድርጋ፣ “የማን ይሆን? ማንን ሊያስሩበት ነው?” ስትል ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ።

“እማማ” አለች ዘይነባ፣ “የእኛ መሆኑን አላወቁም?”

“አውቄዋለሁ።”

“ታዲያ?”

“ጠበል ላይ ነው የተገኘው። አንቺ ሙስሊም ነሽ፤ የኔዋ ያላገባች ልጅ ናት። የልጆቻችን ነው ብል ስለ ጥናት የሚሰማኝ አልነበረም። ሁለታችሁም እስክትሞቱ መተተኛ ትባላላችሁ። ዝም አልኩ። ዝም ብል ደግሞ እንዳይጠረጥሩኝ ክብሪቱን ራሴ ጫርኩት። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።”

ዘይነባ መሬት መሬቱን አየች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

“ቅጠሉ ምን ይመስል ነበር?” አለች።

“ግራዋው አልቆ ጅማቱ ቀርቷል። ወይራው ሳስቷል። ባሕር ዛፉ ግን እንዳለ ነው።”

“እንዲህ ይሆናል ብዬ ነበር። ግን ሚዛን ላይ ካልወጣ ዋጋ የለውም፣ እማማ።”

“እንደገና ብታስቀምጡትስ?”

“ጥናቱ ቅጠሉ ውሃ ውስጥ የቆየበት ጊዜ ነው። ጊዜውን ከየት አመጣዋለሁ?”

ዘይነባ ተነሥታ ጉልበቷን ሳመቻት። “ይቅር ብያለሁ። አላህ ሁላችንንም ይቅር ይበለን” አለች። ያን ቀን ከእኛ ጋር ሽሮ በላች፤ ግን ጎራረሰችና ተወችው።

መመረቂያዋን ከመጻሕፍት በተለቀመ ሌላ ርእስ ሞላችው። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት፣ “ሙሉ፣ ጅረቱን እያየሽልኝ” አለችኝ። በኋላ ራቅ ያለ አገር አስተማሪ ሆናለች ሲባል ሰማሁ እንጂ አልተያየንም። እናቴ እስክታርፍ ድረስ አንዳንዴ፣ “ያቺ ልጅ ነገሯን ጨርሳው ይሆን?” ትለኝ ነበር። “እግዚአብሔር ያውቃል” እላታለሁ።

ጅረቱን አይቼላታለሁ። ባሕር ዛፉ ዳሩ ድረስ ወርዷል። ምንጩ ለቧንቧ ስለተጠለፈ በበጋ ድንጋዩ ደረቅ ነው። ከቧንቧው እቀዳለሁ፤ ስለ ውሃውም ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ግን ዛሬ ሌላ ተማሪ መረብ ሰፍታ ብትመጣ፣ ዘይነባ ያጠናችው ጅረት አሁን የለም። ግራዋና ወይራ እየበላ ምን ያህሉን ለሰማይ ይመልስ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

እናቴ ስሜን አዳነችልኝ። በክብር ተዳርኩ፤ ልጆች ወለድኩ፤ ጠበሉም ጋ አንገቴን ሳልደፋ ወርጄ እጠመቃለሁ። ለዚህ በየጸሎቴ አነሣታለሁ። የዚያን ቀን ዋጋ የከፈለችው ግን ዘይነባ ናት፤ እሷንም አነሣታለሁ።

አሁን የኔም ልጅ ለትዳር ደርሳለች። እኔ ብሆን፣ “የልጆቻችን ነው፤ ጥናት ነው” ብዬ እናገር ነበር ብዬ አስባለሁ። ማሰቡ ቀላል ነው። ሴቶቹ ቦርሳውን ይዘው ፊቴ አልቆሙም።