ኤርድማን ሎዜ የጻፈው ምስክርነት

ኤርድማን ሎዜ በጀርመን አገር፣ ሜክለንቡርግ ውስጥ ወዳለው የባሮን ፎን ዴርዚን ርስት የመጣው ለሁለት ዓመት ብሎ ነበር። የቄስነት ትምህርቱን ጨርሷል፤ የአጥቢያውን ሹመት የሚሰጡት ግን ባሮኑ ናቸው። «ልጆቼን አስተምርልኝ፤ ሽማግሌው ቄስ ሲያርፉ ቦታው ያንተ ነው» አሉት። ሽማግሌው አረፉ፤ ቦታውን የባሮኑ የእህት ልጅ ወሰደው። «ትንሿ ልጄ ቴክላ እስክታድግ ታገስ» ተባለ። እንዲህ እንዲህ ሲል አሥራ አራት ዓመት ነጎደ።

የሚያድረው ከፈረሶቹ ጋጣ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ገበታ ላይ ከጌቶቹ ግርጌ ስለሚቀመጥ ሾርባው እሱ ዘንድ ሲደርስ ይቀዘቅዛል። ጌቶቹ እንደ አሽከር፣ አሽከሮቹ እንደ ጌታ ያዩታል፤ የሚያጫውተው የለም። ጠዋት ለቴክላ እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ የባሮኑን የሱፍ ንግድ ደብዳቤዎች ይተረጉማል። ባሮኑ ከእናታቸው ቋንቋ ሌላ አያውቁም፤ የማይለቁትም ለዚሁ ነበር።

በሚያዝያ ከእንግሊዝ አገር፣ ሃል ከምትባለው ወደብ፣ ሱፋቸውን ከሚገዙት ነጋዴዎች ደብዳቤ መጣ።

«ምን ይላል?» አሉ ባሮኑ።

«ስለ እኔ ነው ጌታዬ። ደብዳቤዎችዎን የሚጽፈው ሰው እዚህ መጥቶ ጀርመንኛ ቢያስተምረን እንወዳለን፤ ጠባዩን ይመስክሩልን ይላሉ።»

ባሮኑ ሳቁ። «ደግሞ እንግሊዝ አማረህ? በል ጻፍ፤ ሳንባ በሽተኛ ነው፣ መጠጥም ያበዛል።»

«ጌታዬ፣ ጠጥቼ አላውቅም።»

«የምፈርመው እኔ! አንተ ጻፍ።»

ኤርድማን በዕድሜው አንዲት ቃል አጣሞ ተርጉሞ አያውቅም። ያን ቀን ግን በእንግሊዝኛ «ጤነኛ ነው፣ ታማኝ ነው፣ ስለቀው ይቆጨኛል» ብሎ ጻፈ። ባሮኑ ፈርመው ማኅተማቸውን አሳረፉበት።

ከዚያ ወዲያ የፖስታው ሠረገላ ጥሩንባ በተሰማ ቁጥር ይደነግጣል። መልሱን የሚያነበው ራሱ በመሆኑ ብቻ ይጽናና ነበር። በሰኔ መልሱ መጣ፤ ኤርድማን ቁርስ ላይ ሳይደርስ ግን ቴክላ እጅ ገባ።

«አባዬ፣ እኔ ላንብበው! አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ አንድ ቀን እንኳ አልፈተኑኝም።»

«ወይዘሪት፣ የንግድ ቋንቋ ነው፣ ይከብድዎታል» አለ ኤርድማን፣ ከበሩ ገና እየገባ።

«ተዋት!» አሉ ባሮኑ። «የደከምክበትን እንይልህ እንጂ።»

ቴክላ ደረቷን ነፍታ፣ ሳትደናቀፍ ወደ ጀርመንኛ መለሰችው፦ «ስለ ጤንነቱና ስለ ታማኝነቱ በመመስከርዎ እናመሰግናለን። በነሐሴ እንጠብቀዋለን...» የመምህሯን ፊት አየችና ማንበቧን አቆመች።

ባሮኑ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «መምህር የቀጠርኩ መስሎኝ ቀበሮ ኖሯል የምቀልበው። አላባርርህም፤ ባባርርህማ ደስ ይልሃላ! እዚሁ ትኖራለህ። ከዚህ ግቢ ብትወጣ በጋዜጣ አጭበርባሪ ብዬ አሳውጅብሃለሁ። ከዚያ ማን ልጁን አስተምርልኝ ብሎ እንደሚሰጥህ አያለሁ።»

ቴክላ እያለቀሰች ጋጣው ድረስ ተከተለችው። «አላወቅሁም መምህር! ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«አንዲት ስሕተት አልነበረብዎትም» አላት።

እንደዚያ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። ቴክላ አግብታ ሄደች፤ እሱ ጻፍ ሲሉት ይጽፋል፣ የጻፈውን ደግሞ ቄሱ የባሮኑ የእህት ልጅ መዝገበ ቃላት ይዞ ፊደል በፊደል ይመረምረዋል። ባሮኑ ሲሞቱ ርስቱ ተሸጠ፤ አዲሱ ጌታ አስተማሪ አልፈለጉም። «መሄድ ይችላሉ» አሉት፣ እንደ ቀላል ነገር። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነበር።

ቪስማር ወደምትባል ከተማ ወርዶ ከወደቡ አጠገብ ክፍል ተከራየ። ለመርከበኞች እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ የመርከብ ወረቀት ይተረጉማል፤ ስሙም በደግ ይነሳ ጀመር። ነገር ግን ወጣ ብሎ በባሕሩ ዳር መንሸራሸር ሲያምረው ባርኔጣውን ይዞ የቤቱ ባለቤት፣ ዓሣ ሻጯ ወይዘሮ ቲደማን፣ በር ላይ ይቆማል።

«ብወጣ ይፈቅዱልኛል?»

«ምን ነካዎት መምህር? ዘበኛዎ ነኝ እንዴ? ይውጡ እንጂ!»

ይስቃል። ቢሆንም ራሷን በእሺታ እስክትነቀንቅለት ንቅንቅ አይልም ነበር።