በቀፎ የተሳፈረችው ጥንዚዛ

ቀፎ ዛፍ ላይ በመስቀል በመንደራችን በማንኪራ ጋሽ ባፈናን የሚያህል የለም። ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ዛፍ ላይ ሲወጡ ግን እኛ ጎረቤቶቻቸው አንገታችን እስኪያመን ቀና ብለን እናያቸዋለን። ግትር ናቸው፣ ልዋሽላቸው አልችልም። ቀፏቸውን ዝናብ እንዳያገኘው የሚያለብሱት ከጓሯቸው በቆረጡት የእንሰት ቅጠል ብቻ ነው። ደራርበው በሐረግ ያስሩታል። አባታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ያን ሰሞን የጓሯቸው እንሰት እንደ ወንፊት ተበሳሳ። ጥፍር የምታህል፣ ጀርባዋ የሚያብለጨልጭ ጥንዚዛ ነበረች የምትበላው። ጋሽ ባፈና ናቋት።

"ትብላ! እንሰት እንደሆነ መልሶ ያቆጠቁጣል" አሉና በዚያው ቅጠል ቀፎዎቻቸውን አልብሰው ጫካ ወስደው ሰቀሉ። ከዛፎቹ ሥር ያለው የእሳቸውም፣ የእኔም፣ የመንደሩም ቡና ነው።

የግብርና ባለሙያዋ ሰብሌ ከቦንጋ የመጣችው ቀፎዎቹ ንብ ገብቶባቸው ማር ሊቆረጥ ሲቃረብ ነው። ጥንዚዛዋን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ጋሼ፣ ይቺ ድሮ የጫካ አረም ነበር የምትበላው። አሁን እንሰት ለምዳለች። ቡናም ጀምራለች የሚል ሪፖርት ደርሶናል። እንቁላሏን ቅጠል ሥር ነው የምትደረድረው፤ ከዚህ ግቢ አንድ ቅጠል እንዳይወጣ።"

ጋሽ ባፈና ወደ ጫካው ዞሩ፤ ቅጠሉ ከቀፎዎቹ ጋር ከወጣ ሰንብቷል። እኔ እዚያ ጫካ ውስጥ ካለው ቡና ሌላ ልጆቼን የማሳድግበት የለኝም።

ተያይዘን ሄድን። ጋሽ ባፈና ዛፉ ላይ ወጥተው የአንዱን ቀፎ ልብስ ገለጥ አደረጉ።

"አለች" አሉ ከላይ። ድምፃቸው የእሳቸው አልመሰለኝም።

"ቅጠሉን ብቻ ገፈን እናቃጥለው?" አልኳቸው።

"ስገፈው እንቁላሉ ቡናው ላይ ይረግፋል፣ እንዳለ። ቀፎው ስንጥቅ ውስጥም ገብታለች።"

ስለዚህ እያንዳንዱን ቀፎ ከነልብሱ በጆንያ ከትተው፣ በገመድ ቁልቁል ሰደዱልኝ። ጆንያው ውስጥ ንቡ ይጮሃል። ሜዳ ላይ አውጥተን ከነማሩ፣ ከነንቡ አቃጠልነው። ጋሽ ባፈና እሳቱን ማየት አቅቷቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ቡናው ውስጥ ገብተው ቅጠል ያያሉ። እንቅልፍ የላቸውም፤ እኔም የለኝም። ትናንት አብሬያቸው ነበርኩ። አንድ ቅጠል ላይ እጃቸው ቆመ፤ ጫፉ ተበስቷል።

"አባጨጓሬ ነው፣ አይደል?" አሉኝ።

ቅጠሉን ገለበጥኩት። እንቁላሉ በተርታ ተደርድሯል። ቀጥሎ ያለውን ገለበጥኩ፤ እሱም ላይ ነበር።